የዱቤ ደብተሩን ለማን እንስጠው?

በዚህ ዕትም የአንባቢያን ዓምዳችንን ለአንድ ጉዳይ ለቀነዋል። ከጎንደርና ከዙሪያዋ የደረሱን ደብዳቤዎች ደጋግመው የሚያነሡት ዱቤ መከታተልንና ዕዳ ማስከፈልን ለዚሁ ሥራ ለቆመ ድርጅት ስለ መስጠት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ መልሶቹን ግን ጉዳዩ እንደሚጠይቀው አንዳንዱን አስረዝመን፣ አንዳንዱን በአጭሩ አቅርበናል።

«በአዘዞ የቆርቆሮ፣ የሚስማርና የብረት አከፋፋይ ነኝ። በደባርቅ፣ በአይከልና በቆላድባ ላሉ 43 ቸርቻሪዎች በዱቤ እሰጣለሁ። ያልገባልኝ ገንዘብ 3,800,000 ብር ደርሷል። አንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ‹ደብተሩን ስጡን፤ ከገባው ላይ 15 በመቶ እንወስዳለን፤ ካልገባ ምንም አትከፍሉም› ብሎኛል። ልፈርም?»

ደብተሩን እንዳለ አይስጡ። «ካልገባ አትከፍሉም» የሚለው ቃል ጆሮ ይስባል፤ እርስዎ የሚጎዱት ግን ባልገባው ገንዘብ ሳይሆን ያለማንም እርዳታ ሊገባ በነበረው ገንዘብ ነው።

አንድ ምሽት ተቀምጠው 3,800,000 ብሩን በዕድሜ ይክፈሉት። በየደንበኛው ስም አንጻር አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀኑ ያልደረሰ ወይም ካለፈ 30 ቀን ያልሞላው፣ ከ31 እስከ 90 ቀን፣ ከ91 እስከ 180 ቀን፣ ከዚያ በላይ። ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው ከወጣበት ሳይሆን ገንዘቡ ሊከፈል ከተቀጠረበት ዕለት ነው። ለምሳሌ በመጀመሪያው ዓምድ 1,900,000፣ በሁለተኛው 800,000፣ በሦስተኛው 600,000፣ በአራተኛው 500,000 ብር ገባ እንበል። የመጀመሪያው ዓምድ በተለመደው መንገድ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ከዚያ ላይ 15 በመቶ ቢሰጡ 285,000 ብር ይወጣል። ትርፍዎ ከሽያጩ 8 በመቶ ከሆነ የዚያ ሁሉ ሽያጭ ትርፍ 152,000 ብር ነው። ትርፉን በሙሉ አስረክበው 133,000 ብር ከኪስዎ ጨመሩ ማለት ነው።

ከ90 ቀን ያለፈውን 1,100,000 ብር ብቻ ቢሰጡስ? ግማሹ እንኳ ቢገባ 550,000 ብር ነው፤ ኮሚሽኑ 82,500 ብር። ይህ ያዋጣል፤ ምክንያቱም ለዚህ ገንዘብ እስካሁን የደወሉት ስልክና የተመላለሱበት መንገድ ያመጣልዎት ነገር የለም። የመካከለኛው ዓምድ፣ ከ31 እስከ 90 ቀን ያለው፣ የራስዎ ሥራ ነው። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን የሚደውል ሰው ይመድቡ፤ ሰውየው ግን ዕቃውን የሚሸጠው ሠራተኛ ባይሆን ይሻላል። ሻጭ የሚቀጥለው ትእዛዝ እንዳያመልጠው ስለሚፈራ «መቼ ትከፍላለህ?» የሚለውን ጥያቄ እየዋጠ ይመለሳል።

ወቅቱንም ያስቡ። በደባርቅና በወገራ በኩል ያለው ቸርቻሪ ገንዘብ የሚያገኘው ገብሱና ስንዴው ተወቅቶ ገበሬው ቤቱን ቆርቆሮ ማልበስ ሲጀምር ነው። በአይከል በኩል ያለው ደግሞ የመተማ ሰሊጥ ሲሸጥ ይተነፍሳል። ስለዚህ በነሐሴ የዘገየና በየካቲት የዘገየ ሰው አንድ አይደሉም። በነሐሴ ዝም ያለው ምናልባት በእጁ የለም፤ ጥር አልፎ፣ እህሉ ተሸጦ፣ በየካቲት ስልክ የማያነሣው ግን ገንዘቡን ለሌላ ነገር አውሎታል። ለድርጅት የሚሰጠው ይህኛው ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። በብዙ ሱቅ የሚገኘው መስመር እንዲህ ያለ ነው፦ «ጌታቸው ደባርቅ፣ ቆርቆሮ 60፣ ቀሪ 21 ሺህ»። የትኛው ጌታቸው? የአባት ስም የለም፣ ቀን የለም፣ የቆርቆሮው ውፍረት የለም፣ የተረከበው ሰው ፊርማ የለም፣ መቼ ሊከፍል እንደተቀጠረም የለም። እርስዎ መስመሩን ሲያነቡ ሰውየው በዓይንዎ ይመጣል፤ ለማያውቀው ሰብሳቢ ግን ባዶ ወረቀት ነው። ባለዕዳው «የወሰድኩት 40 ነው» ካለ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ዕዳው የሚሰበሰበው ወይም የሚቀረው በአብዛኛው ዕቃው በወጣበት ቀን ነው፤ ድርጅቱ የሚያመጣው በወረቀትዎ ልክ ነው።

ስለዚህ ለሚሰጡት ለእያንዳንዱ ዕዳ የባለዕዳው ስም እስከ አያት፣ የንግድ ፈቃዱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ስልኩ፣ ሱቁ ያለበት ቀበሌና ምልክት፣ የዱቤ ሽያጩ ደረሰኝ፣ ተረካቢው የፈረመበት የዕቃ ማስረከቢያ፣ እስካሁን የከፈለው በየቀኑ ተዘርዝሮ ይኑር። የጎደለ ካለ በአንድ ገጽ ማስተካከል ይቻላል። የሒሳብ ማመኛ ያዘጋጁና ያስፈርሙ፦ «እስከ ጥቅምት 30 ቀን ድረስ ብር 21,000 ቀሪ ዕዳ እንዳለብኝ አምናለሁ፤ እስከ ኅዳር 30 ቀን በጎንደር ከተማ እከፍላለሁ።» ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ፣ ቅጂው ሁለት ይሁን፤ የንግድ ድርጅት ከሆነ ማኅተም ይታከልበት።

ያች ወረቀት ሦስት ሥራ ትሠራለች። በመጠኑ ላይ የሚነሣውን ክርክር ትዘጋለች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1851 መሠረት ዕዳን ማመን ይርጋን፣ ማለትም ዕዳን በፍርድ ቤት የመጠየቅ መብት የሚያልፍበትን የ10 ዓመት ገደብ፣ ስለሚያቋርጥ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። «በጎንደር ከተማ» የሚለው ቃል ደግሞ ክስ ቢመጣ ደባርቅ ወይም አይከል ከመመላለስ ያድንዎታል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ የውል ክርክር ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይፈቅዳልና። ከ43ቱ ደንበኞች ብዙዎቹ ይህን ለመፈረም አያመነቱም። የሚያመነታው ማን እንደሆነ ማወቁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

«በማራኪ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አለቃዬ ከሰብሳቢ ድርጅት ጋር የምንዋዋለውን ውል እንዳይ አዘውኛል። ሰው የሚታለለው የት ላይ ነው?»

ከውክልናው ይጀምሩ። ሰብሳቢው የእናንተ ወኪል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 ዕዳ መሰብሰብ ከአስተዳደር ሥራ ስለሚቆጠር በጠቅላላ ውክልና ሊሠራ ይችላል። በዕዳው ላይ መታረቅና ክስ ማቅረብ ግን በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ይህን ልዩነት ይጠቀሙበት፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የመጠየቅ፣ የማስፈረምና ቀጠሮ የመያዝ ሥልጣን ብቻ ይስጡ። ከዕዳው ላይ አንድ ብር መቀነስ ወይም ከሦስት ወር በላይ ማራዘም በእናንተ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ይሁን። አለበለዚያ ሰብሳቢው 100,000 ብር ዕዳ በ60,000 ዘግቶ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል፤ ለእርሱ ፈጣን ገንዘብ ነው፣ ለእናንተ የ40,000 ብር ኪሳራ። «እንከሳለን» ካሉም ማን እንደሚቆም ይጠይቁ፤ ፍርድ ቤት ቆሞ ለሌላ ሰው መከራከር የጥብቅና ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው።

ትልቁ ነጥብ ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ነው። ባለዕዳው በቀጥታ በእናንተ የባንክ ሒሳብ ወይም በድርጅታችሁ ቴሌብር ያስገባ። የሰብሳቢው ሠራተኛ ጥሬ ገንዘብ በእጁ እንዳይቀበል በውሉም ይጻፍ፣ ለባለዕዳዎቹም በደብዳቤ ይነገር። ድርጅቱ በራሱ በኩል ይለፍ ብሎ ከጸና ለደንበኞች ገንዘብ ብቻ የተለየ ሒሳብ ይኑረው፣ በ5 የሥራ ቀን ውስጥም ያስተላልፍ። ኮሚሽኑን ቀንሶ መላክ ግን አይፈቀድለት። 21,000 ብር ዕዳ ተከፍሎ 3,150 ብር ኮሚሽን ተቀንሶ 17,850 ብር ቢደርሳችሁ፣ በመዝገባችሁ ላይ ባለዕዳው 3,150 ብር የቀረበት መስሎ ይታያል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሲታረቅ ይህ ዓይነቱ ልዩነት በየስሙ ተበትኖ ሰው ያሳብዳል። ሙሉው ይግባ፣ ኮሚሽኑ በደረሰኝ ለብቻው ይከፈል። ድርጅቱ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ በኮሚሽኑ ላይ 15 በመቶ እንደሚጨመር አይርሱ፤ በ3,150 ብር ላይ 472 ብር ከ50 ሳንቲም ነው።

በኮሚሽኑ አንቀጽ ላይ የሚደበቁ ነገሮች አሉ። ዝርዝሩ ከተሰጠ በኋላ ባለዕዳው በቀጥታ ለእናንተ ቢከፍል ድርጅቱ ኮሚሽን ይጠይቃል፤ ይህ ተገቢ ነው፣ ደውሎ ያመጣው ሊሆን ይችላልና። ነገር ግን ዝርዝሩ የተሰጠበት ቀን ይጻፍበት፤ ያለበለዚያ ከዚያ በፊት ባንክ የገባው ገንዘብም ይቆጠራል። ዕቃ መመለስ «ተሰበሰበ» ይባላል ወይስ አይባልም? ይጻፍ። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ የሚከፈል ኮሚሽን ካለ ለ30 ወይም ለ60 ቀን፣ ያውም የክፍያ ቀጠሮ በጽሑፍ ለፈረሙት ባለዕዳዎች ብቻ ይወሰን። «ካልገባ አትከፍሉም» ያለው ድርጅት በኋለኛው ገጽ ላይ የፋይል መክፈቻ፣ የጉዞ አበል ወይም ዝቅተኛ የወር ክፍያ ጽፎ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። የኮሚሽኑ ልክ ደግሞ በዕድሜ ይለያይ፤ ለአዲሱ ዕዳ ዝቅ፣ ለአሮጌው ከፍ ያለ። አንድ ዓይነት መቶኛ ከሆነ ሰብሳቢው ቀላሉን ለቅሞ ከባዱን ይተወዋል።

ዋና ሰነድ አይስጡ። ኮፒ ይበቃል፤ ዋናው ለፍርድ ቤት ሲያስፈልግ በፊርማ ይወጣል፣ በፊርማ ይመለሳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ የባለዕዳ መረጃ አይላክ። የሚስቱ ስልክ ወይም የልጁ ትምህርት ቤት የማንም ሰብሳቢ ሥራ አይደለም።

ሪፖርት በየሳምንቱ ይቅረብ፤ መቼ ተደወለ፣ ማን አነሣ፣ ስንት ለመቼ ቃል ገባ፣ ቃሉን ጠበቀ ወይ? «ተደውሏል» የሚል ሪፖርት ሪፖርት አይባልም። በመጨረሻም 10 ዕዳ ብቻ ሰጥታችሁ 90 ቀን ሞክሯቸው። ከመፈረማችሁ በፊት የንግድ ፈቃዳቸው የጸና መሆኑንና ለዚህ ሥራ የወጣ መሆኑን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸው በንግድ ሚኒስቴር የኢ-ትሬድ ገጽ ላይ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው።

«ከፋሲል ግቢ አጠገብ ሆቴል አለኝ። አስጎብኚ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ክፍያ ያዘገዩብኛል። ግን ዕዳ ሰብሳቢ ብልክባቸው ለጥምቀት ሌላ ሆቴል ይሄዳሉ ብዬ እፈራለሁ።»

ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ለእርስዎ የሚበጀው ማስከፈል ሳይሆን ክትትል ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ክትትሉን የሚሠራው ድርጅት በሆቴሉ ስም ደረሰኝ ይልካል፣ የወር መግለጫ ያወጣል፣ ይደውላል፤ ደንበኛው የሚያየው የእርስዎን ስም ነው። ክፍያውም በመቶኛ ሳይሆን በወር ወይም በደረሰኝ ቁጥር የተቆረጠ መሆን አለበት።

የሆቴል ገንዘብ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ከፋዩ አጥቶ አይደለም፤ ወረቀቱ ጎድሎ ነው። የትእዛዝ ደብዳቤው 14 ክፍል ይላል፤ ማታ አንድ ሾፌር ተጨምሮ 15 ሆነ፤ ደረሰኙ 15 ብሎ ወጣ፣ ለአሥራ አምስተኛው ክፍል የፈረመ ሰው ግን የለም። የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሹም ሙሉውን ደረሰኝ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል፤ ማንም ደውሎ አይነግርዎትም። በ60ኛው ቀን ሲደውሉ «ሰነዱ ችግር አለበት» ይባላሉ፤ በዚያ ጊዜ አስጎብኚውም ሾፌሩም የት እንዳሉ አይታወቅም። ስለዚህ የተጨመረ ክፍል በዚያው ማታ በቡድኑ መሪ ይፈረም። ደረሰኙ እንግዳው በወጣበት ዕለት ይቆረጥ፤ የከፋዩ መለያ ቁጥር አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ተመላሽ ስለሚሆን ከመላኩ በፊት ይታይ። በሦስተኛው ቀን ይደወል፣ ጥያቄውም «ክፈሉን» ሳይሆን «ደርሷችኋል? የጎደለ ሰነድ አለ?» ይሁን። ይህች ጥያቄ በሦስተኛው ቀን ብትጠየቅ በ60ኛው ቀን ከሚደወል አሥር ስልክ ትበልጣለች። እርስዎ ደግሞ ያልተከፈለዎትንም ሽያጭ ቫት በጊዜው ስለሚያስታውቁ ደረሰኙ በቆየ ቁጥር የመንግሥትን ድርሻ ከኪስዎ እየሸፈኑ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የበጀት ዓመቱን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። የዓመቱ ሰነድ ሁሉ ተሟልቶ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይግባላቸው፤ ሐምሌ ከገባ «ያለፈ በጀት ዓመት» ተብሎ ሌላ ማጽደቅ ይጠይቃል፣ ወራትም ይፈጃል።

ለጥምቀት እርስዎ ክፍል አለዎት፣ እነርሱ ክፍል ይፈልጋሉ። ለከተራና ለጥምቀት የሚያዝ ክፍል የሚጸድቀው የቀድሞው ዕዳ ሲዘጋና የአዲሱ ግማሽ እስከ ታኅሣሥ 15 ሲገባ ነው ብለው ከጥቅምት ጀምሮ በደብዳቤ ያሳውቁ። ይህ ለሁሉም እኩል የሆነ የቤት ሥርዓት ከሆነ ማንም አይቀየምም።

«ቅዳሜ ገበያ የዘይትና የዱቄት ሱቅ አለኝ። ከማላውቀው ስልክ ተደውሎ ‹የአከፋፋይህን ዕዳ የምንሰበስብ ነን፤ በዚህ ሒሳብ ካላስገባህ ፎቶህን በቴሌግራም እንለቃለን፣ ትታሰራለህም› አሉኝ። ዕዳው በእርግጥ አለብኝ፤ 46,000 ብር ነው። ምን ላድርግ?»

በተነገረዎት ሒሳብ ምንም አያስገቡ። መጀመሪያ ከዚህ በፊት በሚያውቁት ስልክ ወደ አከፋፋይዎ ይደውሉና ዕዳውን ለማን እንደሰጡ ይጠይቁ። ሰብሳቢው እውነተኛ ከሆነ የአከፋፋዩን ደብዳቤ፣ የውክልናውን ኮፒና የዕዳውን ዝርዝር መግለጫ ሳያንገራግር ያመጣል።

ከሁለቱ የትኛው እንደሆነም ይለዩ። ወኪል ከሆነ ዕዳዎ አሁንም የአከፋፋዩ ነው፤ በአከፋፋዩ ሒሳብ ከፍለው መገላገል ይችላሉ። ዕዳው ተላልፎ ከሆነ ደግሞ ባለገንዘቡ ተለውጧል፤ ሕጉ በውል ካልተከለከለ በስተቀር ያለ እርስዎ ፈቃድ እንዲተላለፍ ይፈቅዳል። ነገር ግን ማስተላለፉ ሳይነገርዎት በቅን ልቦና ለቀድሞው ባለገንዘብ የከፈሉት ከዕዳው ነፃ ያወጣዎታል። ስለዚህ ማስታወቂያው በጽሑፍ ይምጣ። ባንክ ሲያስገቡም በምክንያት መጻፊያው ላይ የደረሰኙን ቁጥር ይጻፉ፤ «ዕዳ» ብሎ መጻፍ በኋላ ምንም አያስረዳም።

እስሩን በተመለከተ፦ ድሮ ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበት ቁራኛ የሚባል ሥርዓት ነበረ፤ ዛሬ የቀረው ቃሉ ነው። የዱቤ ዕዳ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ መጨረሻው ንብረት ማስከበርና መሸጥ እንጂ ወኅኒ አይደለም። አንድ ነገር ግን በብርቱ እናስጠነቅቃለን። ለአከፋፋዩ «ለዋስትና» ብለው የፈረሙበት ቼክ ሰጥተው ከሆነና በሒሳብዎ በቂ ገንዘብ ከሌለ ነገሩ ይለወጣል። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 የሚያስቀጣ ነው፤ ቅጣቱም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። «ለዋስትና ነው የሰጠሁት» የሚለው ቃል ያድነኛል ብለው አይቁጠሩ። ዛሬውኑ ሄደው ቼኩን በጽሑፍ የክፍያ ስምምነት ይለውጡት፤ ቼኩ በእጅዎ ሳይመለስ ግን አይፈርሙ።

ፎቶ እንለቃለን ማለታቸው ደግሞ ራሳቸውን የሚያስጠይቅ ነው። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 613 የተባለው ነገር እውነት ቢሆንም እንኳ የሰውን ክብር ለመጉዳት ለሌላ ሰው መናገርን ስም ማጥፋት ይለዋል። መልእክቱን አያጥፉ፤ የተደወለበትን ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ጽፈው ለፖሊስ ያመልክቱ፣ ለአከፋፋዩም ያሳውቁ።

ይህን ካደረጉ በኋላ ዝም አይበሉ፤ ዕዳው የእርስዎ ነው። የሚያምኑትን መጠን ጽፈው የሚችሉትን ቀጠሮ ያቅርቡ። በየጊዜው 23,000 ብር አድርጌ በሁለት ጊዜ እከፍላለሁ ብሎ ከማፍረስ በወር 8,000 አምስት ጊዜ፣ በስድስተኛው 6,000 ብሎ መጠበቅ ይሻላል። ወለድ ከጠየቁ ውላችሁን ይዩ። በውሉ ያልተወሰነ ከሆነ ሕጉ ያስቀመጠው በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በ46,000 ብር ላይ በዓመት 4,140፣ በወር 345 ብር ይሆናል። የሰብሳቢውን ኮሚሽን በዕዳዎ ላይ ደምረው ካመጡም ከየትኛው የውል አንቀጽ እንዳመጡት በጽሑፍ ይጠይቋቸው።

«ድርጅቱ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ‹ለዱቤ ይታመናል፣ አይታመንም› ብሎ አጥንቶ እንደሚነግረን ይናገራል። ከባንክ የብድር ታሪኩንም እናወጣለን ይላሉ።» (ከአራዳ)

የመጀመሪያው ጥሩ ነው፣ ሁለተኛውን አይመኑ። በብሔራዊ ባንክ የሚገኘው የብድር መረጃ ለአበዳሪ የገንዘብ ተቋማት የተዘጋጀ ነው፤ ለነጋዴ አውጥቶ የሚሸጥ ካለ በትክክለኛ መንገድ አላገኘውም። ድርጅቱ ማድረግ የሚችለው ሱቁ ድረስ ሄዶ መደርደሪያውን ማየት፣ ፈቃዱን ማረጋገጥ፣ አሁን ዕቃ የሚሰጡትን ሦስት አከፋፋዮች «በስንት ቀን ይከፍላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ከማንኛውም ወረቀት የተሻለ መረጃ ነው። ምን ያህል ዱቤ ይሰጠው የሚለውን ግን ራሳችሁ ወስኑ፤ ኪሳራው የእናንተ ነውና። የመጀመሪያው ግዢ በጥሬ ገንዘብ፣ ሁለተኛው በግማሽ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ጣሪያ ተበጅቶለት ይሁን። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ዕቃ ይቆማል፤ «የዛሬን ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

ዋስ ካስጠራችሁ የዋስትናው ወረቀት ላይ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን በአኃዝና በፊደል ይጻፍ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ጣሪያው ያልተገለጸ ዋስትና አይጸናም ይላል። «ለሚወስደው ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት ይዘው ፍርድ ቤት ሄደው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ነጋዴዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዕዳው ትልቅ ከሆነ ደግሞ በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተሽከርካሪ፣ ማሽን ወይም የሱቅ ዕቃ በመያዣነት ማስመዝገብ ይቻላል።

«ሽማግሌ ይሻላል ወይስ ድርጅት?» (ከደንቢያ)

ባለዕዳው የአገር ሰው ከሆነ ሽማግሌ ይቅደም። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ሳይበተኑ ስምምነቱ በጽሑፍ ይስፈር፤ መጠኑ፣ የየክፍያው ቀን፣ የሁለቱ ወገኖችና የምስክሮቹ ፊርማ ይኑርበት። የቃል እርቅ በሚቀጥለው ዓመት በሁለት ዓይነት መንገድ ይታወሳል። በተፈረመበት ቀን ሳይከፍል ከቀረ ያ ወረቀት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 በአጭር ሥነ ሥርዓት ለመክሰስ ይጠቅማል። በዚህ መንገድ ተከሳሹ መከላከያ እንዳለው በቃለ መሐላ አሳይቶ ካላስፈቀደ በስተቀር መከራከር አይችልም። ከክሱ በፊት ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። በውሉ «ማስጠንቀቂያ ሳያስፈልግ» ካልተባለ ሕጉ የሚጠይቀው ነገር ነው፤ የደረሰበት ቀን የሚታወቅ ይሁን፣ ተቀባዩም ይፈርምበት።

«የ9 ዓመት ዕዳ አለኝ። ድርጅቱ ‹ደብዳቤ እየጻፍን ነው፣ ይርጋ አያገኘውም› ይላል።» (ከጭልጋ)

ያገኘዋል። ይርጋን የሚያቋርጠው የባለዕዳው እምነት ወይም በፍርድ ቤት የሚቀርብ ክስ ነው። የባለገንዘቡ ደብዳቤም ሆነ ስልክ አያቋርጠውም። ገንዘቡ ሊከፈል ከተቀጠረበት ቀን ጀምረው ይቁጠሩ፤ ከ10 ዓመት የቀረው ወራት ከሆነ ከሁለት አንዱን ያድርጉ። ባለዕዳው ጥቂትም ቢሆን ከፍሎ እንዲፈርም ያድርጉ፤ 500 ብር እንኳ ከዕዳው ላይ ቢከፍል ዕዳውን ማመኑ ነውና ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ካልሆነ ቀኑ ሳያልፍ ይክሰሱ። ካለፈ በኋላም ቢሆን ባለዕዳው ይርጋን ካላነሣ ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሣውም፤ በዚያ ተስፋ ግን አይቀመጡ።

ዕዳው በእርግጥ የማይገኝ ከሆነ ከመዝገብ መሰረዝ ይቻላል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የማይሰበሰብ ዕዳን ተቀናሽ ወጪ የሚያደርገው ቀድሞ በገቢነት ከተያዘ፣ ከመዝገብ ከተሰረዘና ለማስመለስ አስፈላጊው የሕግ እርምጃ ተወስዶ ካልተሳካ ነው። ስለዚህ ከድርጅቱ ጋር ያለውን ውል ሲያቋርጡ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ኮፒ፣ የደወለባቸውን ቀናት ዝርዝርና የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቁጥር በሙሉ ተቀብለው በአንድ ፋይል ያስቀምጡ፤ የግብር ኦዲተሩ የሚጠይቅዎት ይህንኑ ፋይል ነው።